ይድነቃቸው ተሰማ፦ ለአፍሪካ ድርሻ ዙሪክን የሞገቱት ሰው



የዓለም ዋንጫ ሲቃረብ ጄኔቫ ወይም ዙሪክ የሚኖር ሰው ነገሩን ለማወቅ ጋዜጣ መግዛት አያስፈልገውም። ቀና ብሎ በረንዳዎቹን ማየት ይበቃዋል። የፖርቱጋል፣ የጣሊያን፣ የብራዚል፣ የክሮኤሺያ፣ የጋና፣ የሴኔጋልና የራሷ የስዊስ ባንዲራ ከየፎቁ ይንጠለጠላል። በትራም ውስጥ፣ በመሥሪያ ቤት የቡና ሰዓት፣ በትምህርት ቤት በር ላይ ወሬው ሁሉ ማን ከማን ጋር ተመደበ የሚል ነው። ድሮ የአባቶችና የወንዶች ልጆች ወሬ የነበረው ኳስ ዛሬ የቤተሰብ ሁሉ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ስዊስ የአውሮፓ ሴቶች ዋንጫን ስታስተናግድ ሁለቱ የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታዎች በእነዚሁ በጄኔቫና በዙሪክ ተካሂደዋል፤ እናቶች ሴት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ስታዲየም ሲተሙ ማየት ደስ ያሰኝ ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል እኛ ሐበሾች የት ነን? እንደሚታወቀው እኛ የምንሰቅለው ባንዲራ የለንም። አንዱ ለሴኔጋል፣ ሌላው ለሞሮኮ፣ ሌላው ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ለብራዚል ይደግፋል። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ታዲያ ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ የእኛ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁናል። ብዙዎቻችን ኢትዮጵያ በኳስ ደካማ ስለሆነች አልገባችም ብለን እንገላገላለን። መልሱ ውሸት አይደለም። ግን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ያለው በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ነው፤ የሴኔጋልም የሞሮኮም ባንዲራ በእነዚህ በረንዳዎች ላይ እንዲሰቀል ካደረጉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ኢትዮጵያዊ ነበሩና። እኚህ ሰው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በጅማ ከተማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በዕለተ እንቁጣጣሽ ነው። በፈረንጆቹ መስከረም 11 ቀን 1921 መሆኑ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ነጋድራስ በግጥምና በዜማ ችሎታቸው የታወቁ፣ ገና ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲጀምር ወደ ጀርመን ተልከው ስለ አውቶሞቢል የተማሩ፣ እዚያው እያሉም ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። በዘመኑ ባሕር ተሻግሮ ከፈረንጅ ዕውቀት ተካፍሎ የሚመለስ ኢትዮጵያዊ በጣት የሚቆጠር ነበር። ልጃቸውም እንደ አባታቸው ባሕር ተሻጋሪ ሆኑ፤ ልዩነቱ ልጁ የሚሄዱት ለመማር ሳይሆን ለመከራከር መሆኑ ነው።

ትምህርታቸውን በአዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከታተሉ። ኳስንም ያገኙት በዚያው ዕድሜ ነው። በታኅሣሥ 1935 የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ሲመሠረት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ክለቡ ገና ከመቋቋሙ ግን አገር ተወረረ፤ በግንቦት 1936 የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ።

እዚህ ላይ ወደ ጄኔቫ ጎራ እንበል። በሰኔ 30 ቀን 1936 ንጉሠ ነገሥቱ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው የአገራቸውን አቤቱታ አሰሙ። የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኳቸው ሞከሩ። ንግግሩ እስከ ዛሬ ድረስ ይጠቀሳል፤ ከአራት ቀን በኋላ ግን ማኅበሩ በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሳ ወሰነ። ኢትዮጵያ እውነት ነበራት። ያልነበራት ከጎኗ የሚቆም ድምፅ ነው። ጄኔቫ የምንኖር ሐበሾች ከከተማዋ ጋር ያለን የመጀመሪያ ትዝታ ይህ ነው፤ አቤት ብሎ ሰሚ የማጣት ትዝታ።

አዲስ አበባ የቀሩት ወጣቶች ኑሯቸው ጥቁርና ነጭን በሚለያይ ሕግ ሥር ሆነ። ሰፈሩ፣ ሲኒማው፣ ኳሱም ጭምር ለየብቻ ሆነ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ልጆች በዚያ ዘመን ስማቸውን ሳይቀር ተነጥቀው በሌላ መጠሪያ እንዲጫወቱ ተደርገዋል። ይድነቃቸው ወጣትነታቸውን ያሳለፉት በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። የኋላ ሥራቸውን ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ይህንን መርሳት የለበትም። በቀለም የተከፈለ ሜዳ ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲነግራቸው አያስፈልግም ነበር።

ከነጻነት በኋላ ሰውየው በአንድ ጊዜ ተጫዋችም፣ አሠልጣኝም፣ አስተዳዳሪም ሆነው ይታያሉ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ በጠቅላላው 23 ዓመት እንደተጫወቱ፣ በ365 ግጥሚያም 318 ጎል እንዳገቡ ይነገራል። ለብሔራዊ ቡድንም ተሰልፈዋል። በ1943 የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ሲቋቋም ገና ሃያዎቹን የጀመሩ ወጣት ነበሩ፤ ቢሆንም የጽሕፈት ቤቱን ሥራ ከተሸከሙት ዋነኛው እርሳቸው ናቸው። የጨዋታውን ሕግ ወደ አማርኛ መለሱት። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስለን ይችላል። ሕጉ በፈረንጅ ቋንቋ ብቻ እስካለ ድረስ ግን ዳኛውም ተከራካሪውም የውጭ ሰው እንደሆነ ይቀራል። በመጀመሪያው የአገር ውስጥ ሻምፒዮና የተወዳደሩትን ማየት ይበቃል፤ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሌላ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። ዋንጫውንም የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው።

ኢትዮጵያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የፊፋ አባል ሆነች። የፊፋ ጽሕፈት ቤት ከ1932 ጀምሮ ዙሪክ ነው። በ1954 የዓለም ዋንጫ በስዊስ ሲካሄድ፣ በጄኔቫም በዙሪክም ግጥሚያዎች ሲደረጉ፣ አንድም የአፍሪካ ቡድን አልነበረም። በዚያው ሰሞን ግን በርን ከተማ በተደረገው የፊፋ ጉባኤ አፍሪካ ራሱን እንደቻለ አህጉር ታውቆ በሥራ አስፈጻሚው ውስጥ አንድ መቀመጫ አገኘ። ከዚያ በኋላ የቀረው የራስን ቤት መሥራት ነበር። በየካቲት 1957 በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ማለትም ካፍ፣ ተመሠረተ። መሥራቾቹ ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው።

አራቱ ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲዘጋጁ ደቡብ አፍሪካ ወይ ሙሉ በሙሉ ነጭ፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነ ቡድን እንጂ የተቀላቀለ እንደማትልክ አስታወቀች። ሦስቱ አይሆንም አሉ። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች፤ ከእርሷ ጋር የተመደበችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈችና በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በአራት አገር የተጀመረ ማኅበር ገና በመጀመሪያው ውድድሩ ሩቡን አባሉን ማስወጣቱ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ነገር ግን አቶ ይድነቃቸውና ባልደረቦቻቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አውቀዋል። በተበላሸ ውል ከመጫወት አለመጫወት የሚሻልበት ጊዜ አለ።

አምስት ዓመት ቆይቶ የደስታው ቀን መጣ። በጥር 21 ቀን 1962 በአዲስ አበባ ስታዲየም፣ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት፣ አቶ ይድነቃቸው የሚያሠለጥኑት ብሔራዊ ቡድን ያንኑ የግብጽን ቡድን ገጠመ። ግብጾች ሁለት ጊዜ መሩ፤ የእኛዎቹም ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ የኢታሎ ወንድም፣ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ነው። በፋሽስቶች የዘር ሕግ ሥር ያደገ አሠልጣኝ፣ የጣሊያን ደም ያለውን ልጅ አምበል አድርጎ አፍሪካን አሸነፈ። በቀለም ላይ ያላቸው አቋም ቂም እንዳልነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ታዲያ ያ ቡድን ለምን የዓለም ዋንጫ ላይ አልታየም? አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን።

በጥር 1964 ፊፋ በእንግሊዝ አገር ለሚካሄደው የ1966 ውድድር የቦታ ድልድሉን ይፋ አደረገ። እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ ቁጥር ሳይ መደመርና ማካፈል ይቀናኛል። ጠቅላላው ቦታ 16 ነበር። አስተናጋጇን ጨምሮ ለአውሮፓ 10፣ ለደቡብ አሜሪካ 4፣ ለሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ 1። የቀረችው አንዲት ቦታ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጋራ ተሰጠች። የአፍሪካ አሸናፊ ከሌሎቹ አህጉራት አሸናፊዎች ጋር እንደገና ተጫውቶ ካሸነፈ ይገባል ማለት ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉታል ይህ ነው።

ዙሪክ የነበሩት ሰዎችም የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። የዓለም ዋንጫ የምርጦች ውድድር ነው፤ አፍሪካ ገና ደረጃዋ አልደረሰም ይሉ ነበር። አቶ ይድነቃቸውና የጋናው ኦኼኔ ጃን ግን ነገሩን ከሥሩ ያዙት። ደረጃ የሚገኘው ከትልልቆቹ ጋር በመጫወት ነው፤ የማይጫወት እንዴት ይደርሳል? ከ1960 ጀምሮ ነጻ የወጡት አገሮች በፊፋ ውስጥ አባልነት እየከፈሉ፣ ድልድሉ ግን ከነጻነት በፊት እንደነበረው መቆየቱ አልተዋጠላቸውም። ለድሃ ፌዴሬሽን ደግሞ ቡድን ይዞ ከአህጉር አህጉር ለማጣሪያ መብረር የማይቻል ወጪ ነው። ስለዚህ ለአፍሪካ አንዲት ሙሉ ቦታ ጠየቁ። አንዲት ብቻ።

ፊፋ አልተቀበለም። የተመዘገቡት 15ቱ የአፍሪካ አገሮች በሙሉ ከማጣሪያው ወጡ። ፊፋም ጥለው በመውጣታቸው የገንዘብ ቅጣት ጣለባቸው። የ1966ን ውድድር ፊልም የምናየው ሁላችን የሰሜን ኮሪያን ታሪክ እናውቃለን፤ ጣሊያንን አሸንፈው ዓለምን አስደነቁ። የተጫወቱባት ቦታ ያቺው ለሦስት አህጉራት የተሰጠችው ነበረች። ቀጥሎ እነርሱን ያሸነፈችው የፖርቱጋል ኮከብ ኢዮሴቢዮ ደግሞ የሞዛምቢክ ልጅ ነበር። አፍሪካ በዚያ ውድድር የታየችው በሌላ አገር ማሊያ ብቻ ነው።

ውጤቱ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ1968 ፊፋ ለ1970ው የሜክሲኮ ውድድር ለአፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ ሰጠ። ሞሮኮ ሄደች፤ ከምዕራብ ጀርመን ጋር ስትጫወትም ቀድማ አገባች።

አቶ ይድነቃቸው ጄኔቫንና ዙሪክን አወዳድረው አስበው እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ሁለቱን ከተሞች በባቡር ለምንመላለስ ግን ንጽጽሩ አይቀርም። በ1936 ጄኔቫ ላይ እውነት ብቻውን ቆሞ ተሸነፈ። በ1960ዎቹ ዙሪክ ላይ ያው እውነት 15 ሆኖ መጣና ተሰማ። በፊፋ ጉባኤ ትልቅም ትንሽም አገር አንድ አንድ ድምፅ አለው። አቶ ይድነቃቸው የተረዱት ይህንን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን አባባል እንደ እርሳቸው በሥራ ያዋለ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ይመስለኛል።

የደቡብ አፍሪካም ጉዳይ በዚሁ መንገድ ሄደ። ፊፋ በ1961 አገሪቱን አግዶ፣ በ1963 እገዳውን ሲያነሳ፣ በ1964 የቶኪዮ ጉባኤ እንደገና ታገደች፤ በ1976 በሞንትሪያል ጭራሽ ተባረረች። አቶ ይድነቃቸው በዚህ ሁሉ ጉባኤ አልተኙም። በ1972 የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡና እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በዚያው ቆዩ። በጄኔቫ ሐይቅ ዳር፣ ሎዛን ላይ ባለው የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴም አባል ነበሩ። በሰኔ 1974 በፍራንክፈርት የፊፋ ፕሬዚዳንት ምርጫ ሲደረግ እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ በብራዚላዊው ዣዋ ሃቬላንዥ ተሸነፉ። ለሃቬላንዥ ድል የአፍሪካ ድምፅ ወሳኝ ነበር። አዲሱ ፕሬዚዳንት የገቡትን ቃል ፈጸሙ፤ በ1977 የመጀመሪያው የዓለም ወጣቶች ውድድር በቱኒዚያ ተካሄደ፣ በ1982ም የዓለም ዋንጫ ወደ 24 ቡድን ሲያድግ አፍሪካ ሁለት ቦታ አገኘች። አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን አሸነፈች፤ ካሜሩን ሳትሸነፍ ተመለሰች።

ይህን ያህል ካመሰገንኩ በኋላ የድሉን ዋጋ ሳልናገር ባልፍ ግማሽ እውነት ይሆንብኛል።

አንደኛው ዋጋ የተጫዋቾቹ ነው። መንግሥቱ ወርቁ፣ ሉቻኖና ኢታሎ በ1966 በለጋ ጉልበታቸው ላይ ነበሩ። የዓለም ዋንጫን የመሞከር ዕድላቸውን የሠዋው ውሳኔ የገዛ አሠልጣኛቸው የተሟገቱለት ነው። ቢሞክሩ ያልፉ ነበር ወይ? ማንም አያውቅም። ግን ሳይሞክሩ ቀሩ። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ሞሮኮዎችና ካሜሩኖች በተከፈተው በር ገቡ፤ በሩን የገፉት ውጭ ቀሩ።

ሁለተኛው ዋጋ ራሳቸውን አቶ ይድነቃቸውን ያሳሰባቸው ነው። ከ1965 ጀምሮ በአፍሪካ ዋንጫ አንድ አገር ከባሕር ማዶ ከሁለት ተጫዋች በላይ እንዳያሰልፍ የሚከለክል ደንብ ነበር። በ1982 ደንቡ ተነሳ። የዓለም ዋንጫ በር በተከፈተ ቁጥር የአውሮፓ ክለቦች መልማዮችም በዚያው በር ገቡ። ምርጦቹን ሁሉ ወደ ውጭ እየላኩ አህጉሩ ምን ይቀረዋል የሚለው ጥያቄ በመጨረሻ ዘመናቸው እንቅልፍ ነሥቷቸው ነበር። እኛ ስደተኞች ይህን ጥያቄ እንዴት እንመልሰዋለን? እኔም ተምሬ የቀረሁት በውጭ ነው። የእግር ኳሱ ክርክር የሐኪሙም፣ የመሐንዲሱም፣ የነርሷም ክርክር ነውና በዚህ በኩል ሰውየውን ለመተቸት አፌ አይከፈትም።

አቶ ይድነቃቸው ያረፉት በነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በፈረንጆቹ ነሐሴ 19 ቀን 1987 በአዲስ አበባ ነው። 66 ዓመት ሊሞላቸው ሳምንታት ቀርተዋቸው ነበር። ዕለቱ ቡሄ ነው። በእንቁጣጣሽ መጥተው በቡሄ፣ ልጆች ሆያ ሆዬ በሚሉበት ቀን ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳያዩት ቀሩ። የአፍሪካ ድርሻ በ1994 ሦስት፣ በ1998 አምስት ሆነ። ለ2026ቱ፣ 48 ቡድን ለሚካፈሉበት ውድድር፣ ዘጠኝ ቀጥተኛ ቦታ ተመደበ። ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ ነጻ ወጥታ በ2010 የዓለም ዋንጫን በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ አስተናገደች። ኢትዮጵያም ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው እዚያው ደቡብ አፍሪካ፣ በ2013 ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር ሲሆን አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ 1 ተለያዩ። ቀኑ ጥር 21 ነበር፤ ዋንጫውን ከወሰድንበት ቀን ልክ 51 ዓመት። አረንጓዴ ብጫ ቀይ የለበሰው ደጋፊ በአብዛኛው እንደ እኛው ስደተኛ ነው። በ1957 ከእኛ ጋር በአንድ ሜዳ ጥቁርና ነጭ አቀላቅላ አልሰለፍም ያለችው አገር ስታዲየሟን ለሐበሻ ስደተኛ ከፈተች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለዓለም ዋንጫ አንድ እርምጃ ብቻ ሲቀረን በናይጄሪያ ተሸንፈን ቀረን።

እንግዲህ ለልጆቻችን ምን እንበላቸው? እኔ በበኩሌ መልሴን ቀይሬያለሁ። በኳስ ደካማ ነን፤ ይህን አልደብቃቸውም። ከዚያ ግን በበረንዳው ላይ ያሉትን የአፍሪካ ባንዲራዎች አንድ በአንድ አሳይቼ፣ ለእነዚህ ሁሉ ቦታ ሲባል አንድ የእኛ ሰው ሌሎችን አስተባብሮ የራሱን ቡድን ከውድድር እንዳስቀረ እነግራቸዋለሁ። ስሙን ሲጠይቁኝ ትርጉሙንም አብሬ እነግራቸዋለሁ፤ ይግረማቸው፣ ይድነቃቸው ማለት ነው።